እናቴ የተሳፈረች ቀን

ባቡር መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም፤ ሰው እናቱን መጀመሪያ ያየበትን ቀን እንደማያስታውሰው ሁሉ። የተወለድኩት ከሐዲዱ አጥር ሥር ነው። ቤታችን የባቡር ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ከሠራቸው፣ ቢጫ ከተቀቡና ጎን ለጎን ከተለጣጠፉ ቤቶች የመጨረሻው ነበር። የጠዋቱ የመንገደኞች ባቡር ሲያልፍ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እናቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ እስኪረጋጉ ትጠብቅና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ዛሬ የምኖረው የባቡር ድምፅ በማይሰማበት ፎቅ ላይ ነው። የዓመት እረፍቴን ስወስድ ግን ባቡር ፍለጋ እሄዳለሁ። የትም ለመድረስ አይደለም፤ ለመሳፈር ብቻ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሰው ለሽርሽር ባሕር ዳር ይሄዳል፣ አንቺ ሐዲድ ዳር» እያሉ ይስቁብኛል። ስለ ሞተር ዓይነት፣ ስለ ፉርጎ መቀመጫ፣ ስለ ድልድይ ብረት ጠይቁኝ፤ እስኪሰለቻችሁ አወራችኋለሁ። ይህን ፍቅር ከየት አመጣሽው ሲሉኝ «ከአባቴ» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ጨርሼ አልነገርኳቸውም።

አባቴ የመንገደኞች ባቡር ነጂ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ልብሱ ሳሙና የማያስለቅቀው የናፍጣ ሽታ ያለው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው፤ ሰውን ፊት ለፊት አያይም። ሊያነጋግረኝ ሲፈልግ አንገቱን ሰበር አድርጎ በጎን ያየኛል፣ ልክ ዶሮ እህሏን ከመልቀሟ በፊት እንደምታየው። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ በጎን አየዋለሁ። ይስቃል፣ እስቃለሁ። የእኔና የእሱ ብቻ የሆነ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የዓይን ሐኪም ወረቀት ላይ ክብ ስሎ፣ መሃሉን በእርሳስ እያጠቆረ አስረዳኝ። በዚህ በሽታ መጀመሪያ የሚጠፋው መሃሉ ነው፤ ዳር ዳሩ ይቀራል። በሽተኛው ከወንበር አይጋጭም፣ ደረጃ አይስትም፣ ጎረቤትም አይጠረጥረውም። አንድን ነገር በቀጥታ ለማየት ሲሞክር ግን ያ ነገር ይጠፋበታል። አባቴ ፊቴን ለማየት ከፊቴ ዘወር ማለት ነበረበት።

ነገሩ መውጣት የጀመረው ሽማግሌው ረዳቱ ጡረታ የወጡ ጊዜ ነው። እኚህ ሰው ከአባቴ ጋር አንድ ሞተር ላይ ያረጁ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ለእኔ ከኪሳቸው ከረሜላ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። የተሰናበቱ ዕለት ቤታችን መጥተው ሻይ ጠጡ። ሊወጡ ሲሉ አባቴን በሩ ላይ አቅፈውት ቆዩ።

«እስከ ዛሬስ ሁለት ሆነን ነው» አሉት። «አሁን ግን ይብቃህ። ተናገርና ሌላ ሥራ ይስጡህ።»

«ምን ሌላ ሥራ? ዘበኛ ልሁን?» አለ አባቴ። «ይህን ሐዲድ እኮ ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አሉ ሽማግሌው።

ጨፍኖ ባቡር የሚነዳ ሰው ታየኝና ሳቅሁ። አብሮኝ የሳቀ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜን ጡት ታጠባ የነበረችው እናቴ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የሽማግሌ ወግ ነው» አለ አባቴና በሩን ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ የቀለም ጨዋታ ተጀመረ። አባቴ ከእናቴ የስፌት ሣጥን የክር ጥቅሎች አንሥቶ ከግቢው ግንብ ላይ ይደረድራል። እኔ ከበሩ እቆማለሁ።

«ብሌኔ፣ የመጀመሪያው?»

«ቀይ።»

«ቀጥዪ።»

«ቢጫ። አረንጓዴ። ሌላ አረንጓዴ… ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል የሚባል ቀለም የለም» ይል ነበር፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ወይ ነው፣ ወይ አይደለም። ባቡር ይመስለኛልን አይጠብቅም።»

ብሌኔ የሚለኝ የዓይኔ ብሌን ለማለት ነው። ልጁን እንዲህ የሚያቆላምጥ አባት ሞልቷል፤ እኔም ከማቆላመጥ ያለፈ ነገር አልታየኝም። ቀን በቀን ክሮቹን እያራቀ፣ ከግንቡ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ውሃ ታንከሩ ወሰዳቸው። በሩጫም፣ በዝናብም፣ ፀሐይ ዓይኔን እየወጋችኝም ጠራሁ። እናቴ ክሮቿን ልትሰበስብ ስትወጣ ወገቧን ይዛ አየችን።

«ልጅቷን ምን ልታደርጋት ነው?»

«ነጂ።»

«ሴት ባቡር ነጂ?»

«ምን ያንሳታል?» አለ አባቴ።

ያን ቀን በኩራት ምድር ጠበበችኝ። ከልቡ እንዲህ አስቦ ነበር ብዬ ማመን ዛሬም አንዳንዴ ያምረኛል።

አዲሱ ረዳት ከሌላ መስመር ተዛውሮ የመጣ ነው። ጎልማሳ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ፣ መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ሰው። አባቴ ውሎ ሳያድር ስም አወጣለት። «አራት ዓይና ሲሉ ሊቅ መስሎኝ ነበር፤ ለእኔ የላኩልኝ በመስታወት የሚያይ ነው» እያለ ጎረቤቱን አሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሠፈሩ ሁሉ አራት ዓይና አለው። ሰውየው አልተቆጣም። ሲጠሩት «አቤት» ይላል፣ በቃ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ እኔን ይዞ መሄድ ጀመረ። የጣቢያው ኃላፊ «ሕፃን ሞተር ላይ አይወጣም፣ ደንቡን ታውቃለህ» ቢለው፣ «እናቷ አሟት ነው፤ ማን ጋ ልተዋት?» አለ። እናቴ አላመማትም። ቤት ውስጥ ደግሞ ለእሷ «ኃላፊው ራሱ ፈቅዶልኛል» ብሏታል። ሁለቱን ውሸት የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ እንደ ከረሜላ ጣፈጠኝ።

የነጂው ክፍል ውስጥ ከፊት መስታወቱ አጠገብ፣ ከአባቴ በስተግራ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ አስቀመጠኝ። ሞተሩ ሲነሣ የወለሉ ብረት መንቀጥቀጥ በእግሬ ገብቶ ጥርሴ ድረስ ይደርሳል። የሞቀ ዘይት ይሸታል። ከፊታችን ሐዲዱ ሁለት ክር ሆኖ እየተተረተረ ይመጣል። ከተማው ጀርባውን ይሰጠናል፤ የተሰጣ ልብስ፣ የወጥ ቤት ጭስ፣ መስኮት ላይ ጸጉሯን የምታበጥር ሴት። ከመንገድ የማይታየው ሁሉ ከባቡር ይታያል።

አባቴ ጠንቋይ ነው ብዬ አመንኩ። እኔ ገና ምንም ሳላይ «ቆዳ ፋብሪካው ደረስን» ይላል፤ ወዲያው ፋብሪካው ብቅ ይላል። «አሁን ድልድይ ነው» ይላል፤ ከሥራችን ድምፁ ባዶ ሆኖ ይጮኻል። ከድልድዩ ቀጥሎ ኩርባ፣ ከኩርባው ቀጥሎ ዳገት፣ ሁሉን አስቀድሞ ይናገራል። ሽታውን ከእኔ ቀድሞ እንደሚሸት፣ ድምፁንም በእግሩ እንደሚሰማ በዚያ ዕድሜ ማን ይነግረኛል?

ጣቢያ በተቃረብን ቁጥር ግን አንድ ነገር ይደረጋል።

«አራት ዓይና፣ እስቲ ኋላ ግባና ዘይቱን እይልኝ» ይላል አባቴ።

ረዳቱ በትንሿ በር ጎንበስ ብሎ ሞተሩ ወዳለበት ይገባል። በሩ ሲዘጋ አባቴ የጣቢያውን የምልክት መብራት በዝግታ ይጠይቀኛል።

«ብሌኔ?»

«አረንጓዴ።»

እጁ ወደፊት ይሄዳል፤ ያ ሁሉ ብረት ይንደረደራል።

«ብሌኔ?»

«ቢጫ።»

እጁ ይመለሳል፤ ያ ሁሉ ብረት ይታዘዛል። በምድር ላይ እንደ እኔ ያለ ልጅ አልነበረም። ከኋላችን ስንትና ስንት ፉርጎ ሙሉ ሰው ዳቦውን እየበላ፣ ልጁን እያስተኛ፣ ጎረቤቱን እያማ ይመጣ ነበር። ዛሬ ባቡር ስሳፈር መስኮቱን ትቼ የማየው እነዚያን ሰዎች ነው። አንዷ ሹራብ ትሠራለች፣ አንዱ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ፊት ያለውን ሰው ማንም አያስበውም።

አንድ ቀን አራት ዓይና ከኋላ ሲመለስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ።

«ዘይቱ ደህና ነው» አለ። «ቅድምም ደህና ነበር።»

«ደግሞ ማየት አይገድልም።»

«እሱስ አይገድልም» አለና ከመነጽሩ ሥር እኔን አየኝ። የአባቴን ወንበር የተመኘ መሰለኝ፤ ምላሴን አወጣሁበት።

ያ የሆነው የገበያ ቀን ነው። ፀሐይ ገና ሳትከር ነበር የወጣነው። ከአንዲት ትንሽ ጣቢያ በፊት ሐዲዱን የሚያቋርጥ የጋሪ መንገድ አለ፤ አንድ ጠባቂ ባንዲራ ይዞ ይቆምበታል። የሚቆመው በቀኝ፣ በአባቴ በኩል ነው። እኔ ያለሁት በግራ። አባቴ እንደ ልማዱ ረዳቱን ወደ ኋላ ሰደደና ጠየቀኝ። የምጠየቀው ቀለም ብቻ ስለነበር ከሐዲዱ ቀና ብዬ የጣቢያዋን መብራት ከሩቅ አየሁት፤ ጥርት ያለ ነበር።

«አረንጓዴ» አልኩ።

ከዚያ ትልቅ በር በኃይል እንደተዘጋ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ከእሱ የበለጠ አልነበረም። የፊት መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ቀላ።

«ቀይ» አልኩ። «አባዬ፣ ሁሉም ቀይ ነው።»

ፍሬኑን ሳበው። መንኮራኩሮቹ ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ አለቀሱ፤ እኔ ከሣጥኔ ወደቅሁ። ባቡሩ ብዙ ተንሸራቶ ቆመ። አባቴ ከወንበሩ አልተነሣም፤ ወደ ውጭም አላየም። እጁ ፍሬኑ ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ምንድን ነው ቀዩ?»

«ቲማቲም» አልኩ። መስታወቱ ላይ ፍሬው እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር።

«ቲማቲም ብቻ?»

«አዎ።»

«በመስኮት እዪ። ሰው አለ? ሰው ታያለሽ?»

ወደ ኋላ አየሁ። የጋሪ ስብርባሪ አየሁ፤ አንድ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። ልጆች ቲማቲም ለመልቀም ይሯሯጣሉ።

«ሰውየው ተቀምጧል» አልኩት። «ፈረሱ ተኝቷል።»

አባቴ ትንፋሹን ለቀቀና ግንባሩን የመሣሪያው ሰሌዳ ላይ አስደገፈ። እኔ ፈረስ በጎኑ ተጋድሞ አይቼ ስለማላውቅ ገርሞኝ ማየቴን ቀጠልኩ። መቼ እንደሚነቃ እጠብቅ ነበር።

ጠባቂው ባንዲራውን በእጁ እንደያዘ እያለከለከ ደረሰ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አለ ከታች። «የጋሪው እግር ሐዲዱ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ባንዲራ እያውለበለብኩ እየሮጥኩብህ፣ ቀጥ ብለህ እያየኸኝ መጣህብኝ እኮ።»

«ፍሬኑ ዘገየብኝ» አለ አባቴ።

አራት ዓይና በትንሿ በር ወጥቶ ከኋላችን ቆሞ ነበር። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። አባቴን ብዙ ጊዜ አየው። አባቴ እየታየ መሆኑን አላወቀም።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለ አራት ዓይና በለሆሳስ።

ለጣቢያው ኃላፊ ግን ያን ዕለት አልተናገረም። ቤታችን መጣ እንጂ። እሑድ ከሰዓት ነበር፤ አባቴ ጸጉሩን ሊቆረጥ ወጥቷል። እኔና ወንድሜ መስኮቱ ሥር አፈር ላይ ተቀምጠናል። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ሲቆም ንግግራቸው ይሰማኛል፣ ሲነሣ ይጠፋብኛል። ትንሽ ቆይቶ ጨርሶ ቆመ።

«እትዬ፣ አጠገቡ ቆሜ አያየኝም» አለ ረዳቱ። «መጀመሪያ ንቆኝ መስሎኝ ነበር።»

ደስ አለኝ። አባቴ ንቆታል ማለት ነው፤ ደግ አደረገ አልኩ በልቤ።

«ክሮቼን ለምን እንደሚደረድር…» አለች እናቴ። አልጨረሰችውም።

«ሕፃኗን ነው ዓይኑ ያደረጋት። ለአለቃ ልናገር አስቤ፣ የሰው እንጀራ መቁረጥ ሆነብኝ። የነጂ ቤት ነው፣ ነጂነቱ ሲቀር ቤቱም ይቀራል። ልጆች አሏችሁ። ዝም ልበል ብል ደግሞ ከኋላዬ ያለው ሕዝብ ነው።»

እናቴ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ስትል ሰማሁ። ወንድሜ አፈር ሲጫወት አይታ የተቆጣች መሰለኝ፤ ፈጥኜ እጁን በቀሚሴ ጠረግሁለት።

«ለእኔ ተውልኝ» አለችው።

ያን ምሽት እራት ከተነሣ በኋላ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። የሚነጋገሩት ልጅ እንዳይሰማ ነው፤ ልጅ ደግሞ የሚሰማው እንዲያ ሲነጋገሩ ነው።

«ዛሬ ፈረስ ነው። ነገስ?»

«ጋሪው ነው ሐዲዱ ውስጥ የገባው፣ እኔ ጋሪው ውስጥ አልገባሁም።»

«ንገራቸው።»

«ነግሬያቸውስ? ዕቃችንን ተሸክመን የት እንገባለን? በመርፌ ልታኖሪን ነው?»

«አኖራችኋለሁ።»

«እንዲያው ነው የምትናገሪው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ባንዲራ አላየሁም።»

«አድርጎታል» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም። እሷ እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም። ጠዋት ተነሥታ ቁርሳችንን ሰጠችን፤ አባቴና እኔ ስንወጣ በሩ ላይ ቆማ «በሉ እንግዲህ» አለችን።

ጣቢያው እንደ ወትሮው ይተራመሳል። ነጋዴዎች ጥቅላቸውን ሽቅብ ያቀብላሉ፣ ተማሪዎች ይጋፋሉ፣ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸው ሐዲዱ ላይ ወድቆባቸው የሚያነሣላቸው ይለምናሉ። እኔ ሣጥኔ ላይ ተሰይሜ ከላይ ወደ ታች አያለሁ። በሰዉ መሃል አንዲት ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስትመጣ አየሁና አለባበሷን ወደድኩላት። ከዚያ እናቴ መሆኗን ዐወቅሁ። ያን ቀሚስ የምትለብሰው ለሠርግ ብቻ ነበር። ወንድሜን ታጥቦ፣ ጸጉሩ ተበጥሮ፣ በክንዷ ይዛዋለች። ከሞተሩ ሥር መጥታ ቆመች።

«እማዬ መጣች» አልኩ። አባቴ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ልሄድ ነዋ። ትኬት ቆርጫለሁ።»

የነጂ ቤተሰብ ትኬት አይቆርጥም፤ በነፃ ነው የሚሳፈረው። እሷ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፋ ቆርጣለች።

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ባቡሩ የሚሄድበት።»

«ሕፃኑን ይዘሽ?»

«ማን ጋ ልተወው?»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ያየናል። ቤት ግቢ።»

«ከሰው በምን እንለያለን?» አለች። «ይኸው ሰዉ ሁሉ አምኖህ ተሳፍሯል። እኔም ከኋላህ መጀመሪያው ፉርጎ ላይ ነኝ። አንዷ ልጅህ አጠገብህ፣ አንዱ ልጅህ ከኋላህ። በል ንዳ።»

ሄደች። ቤተሰቡ በሙሉ በአባቴ ባቡር፣ በእኔ ቀለም ጠሪነት ሊጓዝ ነው። ሥራዬን ልታይ የመጣች መሰለኝና እጄን አውለበለብኩላት። ዞራ አላየችኝም።

ኃላፊው ፊሽካውን ነፋ። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ረዳቱን ወደ ኋላ አልሰደደውም።

«ብሌኔ?» አለ፣ ሰውየው እየሰማ።

«አረንጓዴ።»

እጁን መዘውሩ ላይ አደረገ። አልገፋውም።

«ብሌኔ?»

«አረንጓዴ ነው፣ አባዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ተቀየምኩ። «ይመስለኛል አላልኩም እኮ» አልኩት። አንገቱን ሰበር አድርጎ በጎን አየኝ፤ እንደ ወትሮው ለሳቅ ተዘጋጀሁ። ፊቱ ላይ ላብ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ነበር።

ፊሽካው ደገመ። ከፉርጎዎቹ መስኮት ራሶች ብቅ ብቅ አሉ። «ነጂው እንቅልፍ ወስዶት ይሆን? ቀስቅሱት» አለ አንዱ፤ ሳቁ ከመስኮት ወደ መስኮት ሄደ። በሳቁ መሃል ከመጀመሪያው ፉርጎ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ፉርጎዎቹ በሕፃናት የተሞሉ ነበሩ። አባቴ ግን የየትኛው እንደሆነ ለየው፤ ትከሻው ሲወርድ አየሁ። መዘውሩን ለቀቀና መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ወንድሜ» አለ። አራት ዓይናን እንዲህ ሲጠራው ያን ጊዜ ሰማሁ። «ሞተሩን አጥፋው።»

ረዳቱ አጠፋው። አባቴ የብረት መሰላሉን እየዳበሰ ወረደ። ኃላፊው እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆንክ? ሰዓቱ እኮ አለፈ።»

«አላይም» አለ አባቴ።

«ምኑን?»

«መብራቱን። የዚያን ቀን ባንዲራውንም አላየሁም። አንተንም ድምፅህን እንጂ ፊትህን አላየውም።» ሰው እንዲሰማው ፈልጎ ነው መሰለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የተናገረው። መስኮቶቹ ላይ ያሉት ሳቃቸውን አቆሙ። አንዲት ሴት የልጇን ራስ ወደ ውስጥ ሳበች።

ወደ እኔ ዞረ። «እናትሽን ጥሪያት። ውረጂ በያት።»

እያለቀስኩ ሮጥኩ። ምን እንደተባለ ሰምቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም። የገባኝ ጉዞው መቅረቱ ነው። እናቴ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ወንድሜን ከደረቷ አጣብቃዋለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

«አባዬ ውረጂ ብሎሻል» አልኳት። «ባቡሩን ተወው። አንቺ ነሽ ያስተውሽው።»

ዓይኗን ገለጠች። ልትነሣ ሞከረች፤ መልሳ ተቀመጠች። ጎኗ የተቀመጠችው ሴት ሕፃኑን ተቀበለቻት።

«ምነው እህቴ፣ አመመሽ?»

«የለም» አለች እናቴ። «ወራጅ ነኝ።»

ባቡሩ ገና ከቦታው አልተነቃነቀም ነበርና ሰዉ እንደ ቀልድ ቆጥሮት ፈገግ አለ። እሷ የወንበሩን ጀርባ ተደግፋ፣ በሰማያዊ ቀሚሷ፣ ቀስ እያለች ወረደች።

ከእረፍት ላይ ሌላ ነጂ ተጠርቶ መጣ። አራት ዓይና ከጎኑ ተቀመጠና ባቡሩ ሄደ። እኛ አራታችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ጠበቅን። ከዚያ በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን፤ አባቴ የእናቴን ክንድ ያዘ፣ ሰው እያየ።

ቢጫውን ቤት ለቀቅን። ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳው ዱቄት የለበሰ ክፍል ተከራየን። እናቴ እንዳለችው በመርፌዋ አኖረችን። አባቴ መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ነበር፤ ቆይቶ የልብስ ቁልፍ መትከል ተማረ፣ በጣቱ እየዳበሰ። የሠፈሩ ሰው የእሱ ቁልፍ አይበጠስም ይል ነበር። በመጨረሻ ዳር ዳሩም ጨለመበት። እኔ እናቴን ለረጅም ጊዜ አኩርፌ ኖርኩ። ቀንታብን ነው፣ የእኔንና የአባቴን ጨዋታ ያበላሸችው እሷ ናት ብዬ ነበር የማምነው። የፈረሱን ነገር እንኳ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ፈረስ ተጋድሞ ከቀረ ሞቷል ማለት እኮ ነው» እስክትለኝ ድረስ አላወቅሁም ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ፣ እናቴ አርጅታ እኔ ጋ ስትኖር፣ ባቡር ላሳፍርሽ አልኳት። ሳቀች። በሕይወቷ ባቡር ላይ የተቀመጠችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያልተንቀሳቀሰ ባቡር ላይ። ያኔ ነው የጠየቅኋት።

«እንደማይነዳው ታውቂ ነበር፣ አይደል?»

«ማን ነገረሽ?» አለች። «አባትሽ ግትር ነበር። ይነዳዋል ብዬ ነው የተሳፈርኩት።»

«ታዲያ ለኃላፊው ለምን አልነገርሽውም?»

«ሌላ ሰው ከሚያወርደው ራሱ ይውረድ ብዬ ነው። ባሌ ነው።»

«እኔን ቤት ማስቀረት ትችይ ነበር።»

ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አስቤው ነበር። ብዘጋብሽ እኮ ባቡሩ መሄዱ አይቀርም፤ ያ ሁሉ ሰው ያለ አንቺም ዓይን ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት። መላ አጣሁለት።»

«ቢነዳውስ ኖሮ?»

«እሄድ ነበራ» አለች። «አንቺ ከፊት ነበርሽ። እኔ ወዴት ልቅር?»